በስንጥቁ የገባው ሌላ ምንቃር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም ለእኔ ስጡኝ። እንስሳ ሲናገር፣ ዛፍ ሲመክር፣ ጭቃ እንኳ ሲነጫነጭ ይሰማ በነበረበት በዚያ በድሮ ዘመን የሆነ ነው። «ውሸት ነው» የሚል ካለ ከአሁኑ ይነሳ፤ መሀል ላይ እንዳያቋርጠኝ።

በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ምንቃራቸው ላይ ቀንድ የበቀለላቸው ትልልቅ ወፎች ይኖሩ ነበር። የእነዚህ ወፎች ልማድ ጉድ ያሰኛል። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ግንዱ የተቦረቦረ ዛፍ ፈልጋ ትገባለች። ከዚያ እባብና ጦጣ እንዳይደርሱባት በሩን ከውስጥ በጭቃ ትደፍናለች። የምትተወው የምንቃር ጫፍ የምታስገባ አንዲት ስንጥቅ ብቻ ነው። እዚያው እንዳለች የክንፏ ላባ ይረግፋል፤ ብትወጣም መብረር አትችልም። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ እናትም ልጆችም የሚበሉት ባል በዚያች ስንጥቅ የሚያቀብለውን ነው። አስቡት እንግዲህ! የአንድ ቤት ነፍስ ሁሉ በአንድ ምንቃር ላይ!

ከእነዚህ ወፎች አንዷ ሸጊት ትባላለች። ባሏ ቀንዶ ታታሪ ነው፤ ደግ ነው፤ ጉራው ግን ትንሽ በዛ ያለ ነው። ሸጊት የመጀመሪያ እንቁላሎቿን ልትጥል በአሮጌው ሾላ ግንድ ውስጥ ገባች። በሩን ደፈነች፣ ደፈነች፣ የመጨረሻዋ ድብልብል ጭቃ ስትቀራት ቆም አለች።

«ቀንዶዬ፣ አንድ ቀን ባትመለስስ?» አለችው።

«እኔ?» ብሎ ሳቀ። «እኔን ምን አባቱ ይነካኛል!»

«ጭልፊት አለ፤ ወጥመድ አለ። ባትመለስ እኔንና ልጆችህን ማን ያበላናል?»

«አታሟርቺብኝ እንጂ!»

«ወፎቹ እዚሁ ሾላ ጫፍ ላይ ማኅበር አላቸው ይባላል። እያንዳንዱ በየቀኑ አንድ ፍሬ እዚያ ባለው ጎሬ ያስቀምጣል፤ ወጥቶ የቀረ ካለ ያን ፍሬ ለቤቱ ያቀብሉታል፤ ዋስትና ይሆናል። ግባበት።»

«ዋስትና የንስርና የአንበሳ ነገር ነው፤» አለ ቀንዶ። «እኛ ተራ ወፎች ነን፤ የዛሬን ለዛሬ የምንለቅም። ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ለማላውቀው ወፍ ፍሬ ልስጥ?»

ያለው ነገር እውነትነት ነበረው፤ የሸጊት ልብ ግን ፈራ። ጭቃው ደግሞ መነጫነጭ ጀመረ።

«እመቤቴ፣ እየደረቅሁ ነው! ልለጠፍ ወይስ ልውረድ?»

«ትንሽ ታገስ፤» አለችው።

በዚህ መሀል እመት ዝሆን የወደቀ ሾላ ልትለቅም መጣች።

«እመት ዝሆን፣ አንቺ ብትሞቺ ልጅሽን ማን ያሳድገዋል?» ስትል ሸጊት ጠየቀች።

«ልጄን? አክስቶቹ አሉ፣ አያቱ አለች፣ መንጋው ሁሉ እናቱ ነው። እኔ ብወድቅ አልቅሰውልኝ ልጄን ይዘው ይሄዳሉ። ዋስትና ምን ያደርግልኛል?»

«ሰማሽ?» አለ ቀንዶ ክንፉን እያራገበ። «ያን የሚያህል አካል ተሸክማ አያስፈልገኝም አለች!»

«እየደረቅሁ ነው!» አለ ጭቃው። «ልለጠፍ ወይስ ልውረድ?»

«ትንሽ ታገስ።»

ቀጥላ እመት ኤሊ ቀስ እያለች መጣች። ሸጊት እሷንም ጠየቀቻት።

«እኔ እንቁላሌን አፈር አልብሼ መንገዴን እሄዳለሁ፤» አለች ኤሊ። «ልጆቼ የራሳቸውን ሣር ራሳቸው ይግጣሉ። የእኔን መምጣት የሚጠብቅ የለም። ብሞት ቤት አጣ የሚባል ቢኖር ራሴው ነኝ፤ ቤቴ ጀርባዬ ላይ ነውና።»

«በቃ!» አለ ቀንዶ። «ትልቋም ትንሿም ተናገሩ። ድፈኚው!»

«ጠርዜ ተሰነጠቀ እኮ!» አለ ጭቃው። «ልለጠፍ ወይስ ልውረድ?»

ይህን ጊዜ አንድ ድምፅ ከሥር ከመሬት ውስጥ መጣ። ሾላው ነበር። ሾላው ነገር ካልከበደ በቀር አይናገርም፤ ስለዚህ ጫካው በሙሉ ዝም አለ፤ ጭቃውም ዝም አለ።

«ቀንዶ፣ ዝሆኗ እውነቷን ነው፤ ኤሊዋም እውነቷን ነው። አንተ መንጋ አለህ?»

«የለኝም፣ አባባ ሾላ።»

«ልጆችህ እንደተፈለፈሉ ራሳቸውን ይመግባሉ?»

«ኧረ ዓይናቸውም አይገለጥ።»

«ታዲያ ንስርና አንበሳን ምን አመጣቸው? ጥያቄው አንድ ነው፤ ከአንተ ምንቃር የሚጎርስ ማን አለ?»

ቀንዶ በስንጥቁ ወደ ሸጊት ዓይን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እሺ፤ እገባለሁ፤» አለ።

ሸጊት ጭቃዋን ለጠፈች። ጭቃውም «ተመስገን!» ብሎ ደረቀ።

ቀንዶ ገባ እንጂ ማጉረምረሙን አልተወም። «ዛሬም አንድ ፍሬ ሰጠሁ፤ ሁሉም በሰላም ገባ፤ ፈላጊ ያጣ ፍሬዬን ጦጣ በላው። የጦጣ ቀላቢ ሆኜ አረፍኩት!» ይላል። ሸጊትም ከውስጥ ሆና «ጦጣ የበላበት ቀን አይለየን፤» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ሦስት ጫጩቶች ተፈለፈሉ።

አንድ ቀን ቀንዶ በማለዳ ወጣ። ረፋድ ሆነ፣ አልመጣም። ቀትር ሆነ፣ አልመጣም። ዝናቡ ወረደ፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ጮኹ። ሸጊት ዓይኗን ከስንጥቁ አልነቀለችም።

በመጨረሻ ፍሬ የያዘ ምንቃር በስንጥቁ ገባ።

«ቀንዶዬ! ምነው ቆየህ?»

ምንቃሩ ፍሬውን ጣለላት። ሸጊት አስተውላ አየችው። ጫፉ የተሸረፈ ነው። የቀንዶ ምንቃር ሽርፋት አልነበረውም።

ሁለተኛ ምንቃር ገባ፤ በእርጅና የነተበ ነው። ሦስተኛው ገባ፤ ገና ቀንድ ያላወጣ የጎረምሳ ምንቃር ነው። ሸጊት ያን ጊዜ ገባት።

«አባባ ሾላ፣ ቀንዶስ?»

«ከወንዙ ማዶ ጭልፊት ያዘው፣ ልጄ። ቀንዶ ቀረ።»

አለቀሰች። ግን አልቅሳ ለመጨረስ እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ሦስት አፍ ተከፍቶ ይጠብቃታል። እንባዋ እየወረደ ፍሬውን ተቀብላ አጎረሰች። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። በዝናብ የበሰበሱ፣ የማታውቃቸው፣ ፊታቸውን ያላየችው ምንቃሮች። እስከ ሠላሳ ድረስ ቆጠረችና መቁጠሩን ተወችው። በሐዘኗ መሀል አንድ ነገር አስደነቃት፤ ይህ ሁሉ ምንቃር በአንድ ጠባብ ስንጥቅ ይገባል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ጫጩቶቹ ጠነከሩ፤ የሸጊት ላባም ተመልሶ በቀለ። የበሩን ጭቃ ሰብራ ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን አጭበረበራት። ቅርንጫፉ ላይ ጫፉ የተሸረፈ ምንቃር ያለው ወፍ ተቀምጦ አገኘች።

«መጀመሪያ የመጣኸው አንተ ነህ፤» አለችው። «ባሌን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም፣ እህቴ። አንቺንም ገና ዛሬ አየሁሽ።»

«ታዲያ ያን ቀን ያቀበልከኝን ፍሬ ከየት አመጣኸው?»

«እዚያው ጫፍ ላይ ከማኅበሩ ጎሬ ነው ያነሳሁት። ዝናቡ ሌሎቹን አዘግይቷቸው ነበር፤ አንድ ፍሬ ብቻ ነበረ የተቀመጠው። በማለዳ እያጉረመረመ አስቀምጦት የሄደ አንድ ወፍ አለ አለኝ ሾላው።»

ሸጊት ወደ ሾላው ጫፍ ቀና ብላ አየች። ቀንዶ በሞተበት ቀንም ልጆቹን አብልቶ ነበር።

ዛሬም «የሕይወት ዋስትና ለተራ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። መንጋ ያለው እንደ ዝሆኗ ይመልስ፤ መምጣቱን የሚጠብቅ የሌለው እንደ ኤሊዋ ይመልስ። ከእጁ የሚጎርስ ያለው ግን፣ ተራ ነኝ ብሎ ነገሩን አይለፈው፤ ለሚጠብቁት ልጆች ተራ አባት የሚባል የለም። እኔ የያዝኩትን አራግፌያለሁ። በሉ በደህና ግቡ፤ የሚጠብቋችሁ አሉ።