ክምሩን ያቃጠለው

«አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ወንድይፍራው። ትርንጎ የምትባል ተማሪያቸው፣ «ጋሼ፣ ‘በላሁ’ ካልኩ እኔ መሆኔ ይታወቅ የለም እንዴ? እንግሊዝኛው ‘እኔ’ን ፊቱ ካልገተርኩለት ለምን ይቆጣል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ገበሬው የማሳውን ዳር መንጥሮ ያነደደው እሳት በነፋስ ተወስዶ የአንድ ሀብታም ሰው የጤፍ ክምር በላ። ያየው አልነበረም። ዝም አለ።

በአገሩ ልማድ አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እያንዳንዱ እየተነሳ የሚያውቀውን ይናገራል። ገበሬውም ተራው ሲደርስ፣ «አቃጥለውበታል ሲሉ ሰማሁ» አለ።

«እነማን?» አሉ የሸንጎው ሽማግሌ።

«እንጃ አባቴ፤ ብቻ አቃጥለውበታል።»

«ክምሩ ጋያ ሲያጨስ ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

ሳቁ ግን አልቆየም። የታጨደው እህል ሳይሰበሰብ እንደተዘረጋ ሰማዩ ጠቆረ። የሰዉ ዓይን ከሀብታሙ ጋር በድንበር ይካሰስ ወደነበረ አንድ ደሃ ዞረ። «እሱ ነው በሉና እንገላገል» መባባል ተጀመረ። ደሃው ቢምልም የሚሰማው ጠፋ። ገበሬው አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና ሰውዬው «አንተ እንኳ መስክርልኝ» ብሎ ክንዱን ያዘው።

ገበሬው ብድግ አለ። «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ እሳቱም፣ ነፋሱም፣ ፍርሃቱም በየተራ ወጣ። ከራሱ አውድማ እንዲክስ ተፈረደበት፤ ሰዉም ተፈትቶ ወደየአዝመራው ሮጠ። ሀብታሙ ለብዙ ጊዜ አላነጋገረውም። ደሃው ግን ዝናቡ ሳይወርድ የገበሬውን እህል አብሮት ሰበሰበ።

መምህሩ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ አማርኛ አብሮሽ እንዳደገ ሰው ነው፤ ማን እንደሆንሽ ከኮቴሽ ይለይሻል። እንግሊዝኛ ግን እንደዚያ ሽማግሌ ነው። ማን እንደሠራው ቆሞ የሚናገር ካላየ፣ የቀረውን አይሰማም፤ ማንንም ወደ ቤቱ አያሰናብትም። ስለዚህ አድራጊውን አስቀድመሽ አቁሚው። እሱ ከቆመ፣ ያደረገው ነገር ተከትሎት ይወጣል። በይ አሁን፣ ‘እኔ’ ብለሽ ጀምሪ።»