ጅብ ግድግዳ የሆነበት ቀን

አንድ ጊዜ ጅብ ቤት አከራይ ነበር። አንበሳ በአውሬዎች መካከል ዕርቅ ካወረደ ወዲህ አህያ እንኳ ደፍሮ ከእሱ ተከራየ። ኪራዩም ጉልበት ነበር፤ አህያ በየሳምንቱ አጥንት ተሸክሞ ለጅብ ያመጣለታል።

አህያ ሚስቱ ሞታበት ከአንድ ውርንጭላ ጋር ቀርቷል። የቤቱ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ማገዶ ቀኑን ሙሉ ቢነድም ሙቀቱ በስንጥቁ ይወጣል፣ ነፋሱ ይገባል። ውርንጭላው ሳል ያዘው።

አህያ ግድግዳው እንዲመረግ ለመነ። ጅብም እሺ ብሎ አፈር አስቆፈረ። ይህን የሰማች ቀበሮ እየሮጠች መጣች። እሷም ቤት ታከራያለች፤ የጅብ ቤት ከተመረገ የእሷም ተከራዮች ይጠይቋታል። ስለዚህ አንበሳ በቤቶች ሙቀት ላይ አዋጅ ሊያወጣ መሆኑን ለጅብ ነገረችው።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ በጭቃ መርገህ ነገ ድንጋይ ነው ቢባልስ? ሁለት ጊዜ ልትለፋ ነው?»

ጅብ ይህ ትልቅ ምክር መሰለው። ሥራውን አቆመ። በሳምንቱ ጭቃ ይሁን ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። ቀጥሎ ድንጋይ ተባለ፤ እሱም እንደገና ይጠና ተባለ። አህያ ራሴ ልምረገው ቢል፣ ጅብ ሕጉ ሳይለይ ግድግዳዬን እንዳትነካ ብሎ ከለከለው።

አንድ ቀን አህያ አጥንቱን ሳያመጣ ቀረ። ጅብ ረፋዱ ላይ ተቆጥቶ ወደ አህያ ቤት ሄደ። አህያ ጎኑን ስንጥቁ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ውርንጭላው እግሩ ሥር ተኝቷል።

«አጥንቴስ?» አለ ጅብ።

«ቀስ ብለህ ተናገር፤ እንቅልፍ የወሰደው አሁን ገና ነው። ከተንቀሳቀስኩ ይበርደዋል።»

ጅብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

ጅብ ማሰብ ይከብደዋል፤ ቢሆንም አሰበ። «ብንመርገውና አዋጁ ሌላ ቢልስ?»

«እናፈርሰዋለን አያ ጅቦ። ግድግዳ እንደገና ይሠራል።» አህያ ወደ ልጁ አየ።

ጅብም የውርንጭላውን ጎን አየ፤ ከፍ ዝቅ ይላል። «ዞር በል» ብሎ በአህያ ቦታ ገብቶ ጀርባውን ስንጥቁ ላይ አደረገ። «ሂድ፣ ጭቃውን አቡካ።»

አህያ ለምሳው ያስቀመጠውን ጭድ ከአፈሩ ጋር እየረገጠ ሲያቦካ ዋለ። ውርንጭላው ነቅቶ ከአጠገቡ ጅብ ሲያይ ሊጮህ አፉን ከፈተ።

«አትፍራ ማሙሽ፣ ግድግዳ ነኝ» አለው ጅብ።

ውርንጭላው ትንሽ አስቦ ተደገፈው።

ጭቃው እስኪቦካ ሦስት ቀን ፈጀ። አባትና አከራይ እየተፈራረቁ ስንጥቁ ላይ ቆሙ። በአራተኛው ቀን መረጉት። ከዚያ በኋላ ጠዋት የነደደ ጥቂት ማገዶ ቤቱን አሙቆ ማዋል ጀመረ፤ ሳሉም እየለቀቀ ሄደ። ግድግዳው ከደረቀ በኋላም ጅብ ከቦታው አልተነሳም፤ ውርንጭላው ተደግፎት ተኝቶ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው ነገ የሚፈርስ ግድግዳ እንኳ ቢሆን፣ ዛሬ ለሚበርደው ልጅ ዛሬውኑ መመረግ እንዳለበት ነው።