አረንጓዴው ገመድ

በአንድ የጭነት መርከብ ደንብ የክሬን ገመድ በየሦስት ወሩ ይመረመራል፤ ምርመራውን ያለፈ አረንጓዴ ይቀባል። ካፒቴን ዘርዓብሩክ ግን ምርመራው ስለሰለቻቸው የተበጣጠሰውን የሽቦ ገመድ ሳይመረመር እንዲያው አረንጓዴ አስቀቡት። ከዚያም ከስድስት ጫኝና አውራጆች ጋር ከክሬኑ ሥር ቆመው፣ «በል ያንን ከባድ ጄኔሬተር አንሳው!» አሉት ክሬን ነጂውን።

ክሬን ነጂው ገመዱንም ከሥር ያሉትንም ሰዎች አየ፤ ማንሻውን መንካት ፈራ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ይበጠሳል!»

«ዓይን የለህም? አረንጓዴ ነው! አረንጓዴ የተቀባ ነገር ምንም አይሆንም። አሁን ካላነሳህ ከሥራ ተባረሃል!»

«እሺ፣ አነሳለሁ» አለ ነጂው። «ቀለሙ ተርፎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከሥር ያላችሁት ሁሉ ተቀቡ። ከእርስዎ እንጀምር ካፒቴን፤ እስቲ ኮፍያዎን ያውልቁ።»