የመስኮቱ ይቅርታ

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪ ወደ ፍቼ ስትጓዝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከአቶ ዘውገ ጎን ወንበር ደረሳት። አቶ ዘውገ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ናቸው፤ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተንሰራፍተው የሲጋራቸውን ጭስ ያትጎለጉላሉ። ረዳቱም አይቶ እንዳላየ አለፈ። እሷ ግን ጭሱ ሲያንቃት መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጭሱን ችሎ ዝም ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ንፋሱ ሲገባ ተንጫጫ።

«ዝጊ!» ብለው አምባረቁባት ሹሙ። «ብርድ ሊመታኝ ነው! በእኔ ጤና ትቀልጃለሽ? አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂ፣ አለበለዚያ አስወርድሻለሁ!»

ሴትየዋ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋችና እጅ ነሳች።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለች፤ «ለጤናዎ የሚሳሱ ሰው መሆንዎን በምን ልወቅ? ሲጋራውን እንዲያ ሲምጉት ሳይ ለመሞት የቸኮሉ መስሎኝ፣ ላግዝዎ ብዬ ነው።»