ጠበቃውና የምርጫው ቀን

ሹመት የሚጠባበቅ አንድ ወጣት መምህሩን፣ «የታሰረው ጎረቤቴ በደል እንደሌለበት አውቃለሁ። ሹመቴ እስኪጸድቅ ዝም ብል ምን አለበት? ከተሾምሁ በኋላ አስፈታዋለሁ» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲህ አሉት።

አንድ ጠበቃ ነበረ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዘመኑም ሰው ገና ጫካ እየመነጠረ በጠረፉ የሚሰፍርበት ዘመን። ድሀ ሲበደል ያለ ዋጋ የሚቆም፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነበረ፤ በዚህስ አልነቅፈውም። ኋላ ግን ተመርጦ ሕግ አውጪው ሸንጎ መግባት አማረው።

ምርጫው ሲቃረብ ፈረስ ጠፋና አንድ መጻተኛ ጀልባ ቀዛፊ ሰረቅህ ተብሎ ተያዘ። ቀዛፊው ያን ሌሊት ዝናብ ይዞት ጠበቃው ቤት ነው ያደረው። ይህን ከጠበቃው ሌላ የምታውቅ የቀዛፊው ሚስት ብቻ ናት፤ የሚስትን ቃል ደግሞ ማን ያምናል? ሰፈርተኛው በመጻተኛው ላይ ጥርሱን ነክሷል። ለእርሱ መመስከር ምርጫውን ማጣት ነበር። ጠበቃውም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልመረጥና በሕግ አስፈታዋለሁ» ብሎ ራሱን አጽናና።

በዚያ አገር ደንብ መራጭ የሚመርጠውን ሰው ስም በአደባባይ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ተመራጩም እዚያው ቆሞ ያመሰግነዋል። ጠበቃው እጅ እየነሣ ሲያመሰግን የቀዛፊው ሚስት ሰው ገፍታ ገባች።

«ጌታዬ፣ ባሌ የት እንዳደረ ያውቃሉ። ስለ እግዚአብሔር ይናገሩልኝ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጠበቃው ዞረ። ጠበቃው አፉን ከፈተ፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «በሕጋችን ሴት አትመርጥም፤ ዛሬ እዚህ ከመራጭ በቀር የሚናገር የለም» አለ። ሰዉ ሳቀ። ጎትተው አስወጧት።

ተመረጠ። ወዲያው ወደ እስር ቤቱ ሮጠ፤ ሰፈርተኛው ግን ዳኛ ሳይጠብቅ ቀዛፊውን ሰቅሎታል። ገመዱን የጎተቱት ሰዎች ጠበቃውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ጨፈሩለት። አውርዱኝ እንኳ አላለም።

ፈረሱ ኋላ ጫካ ውስጥ ሲግጥ ተገኘ። እውነቱስ ጠራ፤ ቀዛፊው ግን እስከዚያ አላደረም። ጠበቃው «ማንም ያለ ፍርድ አይሰቀል» የሚል ሕግ አወጣ፤ ስሙም ገነነ። ሴትዮዋን ይቅርታ ሊጠይቃት ቢፈልጋት አገር ጥላ ሄዳለች። እስኪሞት ድረስ ሰው ሲያመሰግነው ፊቱን ያዞር ነበር።

መምህሩ ወደ ወጣቱ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ያ ጠበቃ አንተ ነህ። እስረኛው እስክትሾም ይቆይሃል ያለህ ማን ነው? ቢቆይልህስ፣ ዝም ብሎ የተሾመ ሰው ተሹሞ ሲናገር እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።»