አልጫዋ ቃሪያ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ የተቀበላችሁኝ ስሙኝ፤ ያንቀላፋ የራሱ ጉዳይ ነው።

በአንድ ጓሮ የማታቃጥል ቃሪያና ሚጥሚጣ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ቃሪያዋን የቤቱ ሰው በየምሳው እየቀጠፈ ይበላታል፤ እሷ ደግሞ በተቀጠፈች ቁጥር ታብባለች፤ እንዲህ ያለች ደግ! ጭንቋ አንድ ብቻ ነበር፦ አንዲት ፍሬዋ እንኳ ቀልታ ለዘር እንድትተርፍላት።

«አንቺ አልጫ!» አለቻት ሚጥሚጣ። «ሁሉ እየቀጠፈ ጨረሰሽ። እኔን ማን ይደፍረኛል? ዘሬ እንደሆነ ሞልቷል።»

«ይብሉ እቴ፤ ያበቀሉኝ ለመብላት አይደል?» አለች ቃሪያ። አንዲቱን ፍሬዋን ግን ከቅጠሏ ሥር ሸሸገቻት።

ፍሬዋ ቀይ በሆነች ማግስት ዶሮ መጣች። ዶሮን መቼ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል! ሚጥሚጣዋን ለቅማ ለቅማ ጨረሰችና «ይኸው ነው እንዴ ኩራትሽ?» ብላ ወደ ቃሪያዋ ዞረች። ሚጥሚጣዋ ስትራቆት ዝም ያለው የቤት ሰው ይህን ጊዜ «እሽ! እሽ! ቃሪያችንን!» እያለ፣ መጥረጊያ ያለው መጥረጊያ፣ ጭልፋ ያለው ጭልፋ ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

በዚያ ዓመት ከጣሪያው ሥር ለዘር የተንጠለጠለችው አንዲት ቀይ ፍሬ ብቻ ናት፤ እሷም አታቃጥልም።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፤ ዳቦውን እናንተ አምጡ።