በፀሐዩ «ፀ»

አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። በዚያች ከተማ ሕግ ማንኛውም ነዋሪ ስለ ሰፈሩ የተጻፈውን መዝገብ ጠይቆ የማየት መብት አለው። ጠያቂው ስም ይናገራል፤ አቶ ልሳነወርቅም በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ከተለየው መደርደሪያ ፋይሉን አውጥቶ ያሳየዋል። ጉቦ አይነካም፣ አያረፍድም፣ ሰው አያመናጭቅም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። በልጅነቱ የኔታ ፊደል ጠንቅቀው ስላስተማሩት ጸሎቱ «ጸ» በሚገባበት ቦታ ፀሐዩ «ፀ» ተጽፎ ካየ ያመዋል። የሱቅ ማስታወቂያ ሳይቀር ቆሞ ያርማል። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት «የፊደል ግብር ሰብሳቢ መጣ» እየተባባሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል ሴት ወደ መዝገብ ቤቱ መጣች። ጭንቀቷ ከፊቷ ይነበባል። ወንዙ ዳር ያለውን መሬት አንድ ነጋዴ ገዝቶ ሊያጥረው ነው፤ አጥሩ ከቆመ አጣቢዎቹ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት መንገድ ይዘጋል። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። መንገዱ የሕዝብ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ከተገኘ አጥሬን ሰብሰብ አደርጋለሁ ብሎ ለከተማዋ ሹም ቃሉን ሰጥቷል። ሹሙም ማስረጃውን እስከ ዓርብ አምጡ ብለው ቀጠሩ። ዘርፌ የምታውቀው ከእናቷ የሰማችውን ብቻ ነው፤ ያን መንገድ ከይዞታቸው ቆርሰው ለሰፈሩ የሰጡት ወይዘሮ ጸዳለ የሚባሉ፣ ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው ደግ ሴት ናቸው።

አቶ ልሳነወርቅ ስሙን ሰምቶ ወደ ውስጥ ገባ። የጸሎቱን «ጸ» መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አገላበጠ። ከዚያ የልብሱን አቧራ እያራገፈ ወጣና የለም አላት።

ሴትየዋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ የለም ነው ወይስ አላገኙትም?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የለም ካሉኝ ሌላ እንጀራ ልፈልግ። ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያ ወንዝ ላይ ነው፤ ግን ምን አደርጋለሁ። አላገኘሁትም ካሉኝ ነገም እመጣለሁ።»

ጥያቄዋ አናደደው። ጢም ከማብቀሉ በፊት ጀምሮ እዚህ ቤት እንደሠራ፣ እሱ ያላየው ወረቀት በከተማዋ ውስጥ እንደሌለ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ነገራት። እሷም እጅ ነሥታ ሄደች። እሱ ግን የዚያን ቀን ምሳው አልጣመውም። ምን እንደቆረቆረው ራሱም በቅጡ አላወቀም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጢሙን ሊላጭ አንድ አዲስ የተከፈተ ቤት ገባ። ከበሩ በላይ በትልቁ «ፀጉር ቤት» ተብሎ ተጽፏል። አቶ ልሳነወርቅ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሳይቀመጥ፣ ጸጉር የሚጻፈው በጸሎቱ «ጸ» መሆኑን፣ ማስታወቂያውም ለከተማዋ ነውር መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። ጸጉር አስተካካዩ ታጋሽ ሰው ነው። ሳሙናውን እየቀባ፣ ግማሽ ፊቱን ላጭቶ እስኪጨርስ ድረስ ትምህርቱን በጸጥታ ሰማ። ከዚያ ምላጩን ጠረገና፦

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኔ ፊደል ላይ ደካማ ነኝ» አለ። «ግን ተሳስቼ ብጽፈውም እርስዎ አንብበው ገቡ እኮ።»

አቶ ልሳነወርቅ ያላገኘው ፋይል ትዝ አለው። የወይዘሮ ጸዳለን ስጦታ የመዘገበው የድሮ ጸሐፊ እንደዚህ ሰው ፊደል ላይ ደካማ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ እንደመጣለት ከወንበሩ ተነሣ። ግማሽ ጢሙ እንዳለ ነው፣ ባልተላጨው ጉንጩ ላይ ሳሙና አለ፣ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅም አልፈታም። እንዲሁ ሆኖ በገበያው መሐል ሲሮጥ ያየው ሁሉ ሳቀ።

መዝገብ ቤቱ እንደደረሰ ወደ ፀሐዩ «ፀ» መደርደሪያ ሄደ። ያን ስም እዚያ ሊፈልግ አንድ ጊዜም አስቦ አያውቅም። ጸዳለን በዚህ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብሎ መገመት ራሱ ያስቀይመው ነበር። ፋይሉ ግን እዚያው ተቀምጧል። በሻካራ የእጅ ጽሕፈት «ፀዳለ» ይላል። ውስጡም ከቤታቸው ጓሮ እስከ ወንዙ ያለው መንገድ ለውሃ ቀጂና ለልብስ አጣቢ ሁሉ እንዲሆን በምስክሮች ፊት መስጠታቸው ሰፍሯል። አቶ ልሳነወርቅ እርማት ሊጽፍበት እስክሪብቶ እንኳን አላነሣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳተ ፊደል አይቶ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ሴትየዋ እስክትመጣ አልጠበቀም። ወንዝ ድረስ ወርዶ ፈለጋት። ዘርፌ ግማሽ ጢም ያለውን ሰው ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ የያዘውን ሲነግራት ግን እጇ ላይ ያለውን ልብስ ውሃው ውስጥ ለቀቀችና አለቀሰች።

ዓርብ ሹሙ ጽሑፉን አነበቡ። ነጋዴውም እንደ ቃሉ አጥሩን ወደ ውስጥ ሳበ፣ መንገዱም ለአጣቢዎቹ ክፍት ሆኖ ቀረ። ዘርፌ ለማመስገን ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰች።

«እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ» አለችው። «እርስዎ ባይፈልጉልኝ ያ ወረቀት ቢኖርም ለእኔ እንደሌለ ነበር።»

«አመስጋኙስ እኔ ነኝ» አላት። «ከእርስዎ በፊት ስንቱን የለም ብዬ እንደመለስሁ ያሰብሁት አሁን ነው።»

ይህን ለይስሙላ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመለሳቸውን ሰዎች እያስታወሰ እንደገና መፈለግ ያዘ። ሣህሉን በእሳቱ «ሰ» አገኘው። ዓለሚቱን በአልፋው «አ» አገኛት። ያገኘውንም ይዞ እየዞረ በየሰዉ ደጅ አደረሰ። አንድ ሽማግሌ ግን ቀድመውት አርፈው ነበር። ልጃቸው ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አባቷ እስከ መጨረሻው ድረስ «ወረቀቱ አለ» እያሉ መሞታቸውን ነገረችው። አልተቆጣችውም። አባቷ ውሸታም አለመሆናቸውን ስላሳወቃት ከልቧ አመሰገነችው። ያ ምስጋና ከቁጣ ሁሉ ይልቅ ከበደው።

ወዳጆቼ፣ አቶ ልሳነወርቅ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ይኖራል ብሎ ያሰበበትን ቦታ ሁሉ ፈልጎ ነበር። የሳተው እሱ ያላሰበው ቦታ ሁሉ ባዶ የሆነ ስለመሰለው ነው። «አላገኘሁትም» የሚል ሰው ነገ ደግሞ የሚፈልግበት ቦታ ይቀርለታል፤ «የለም» የሚል ግን የሌላውን ሰው ተስፋ ይዘጋል። ስለዚህ ደግሞ ደጋግሞ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ ፊታችንን ከማጥቆር ይልቅ እናመስግነው፤ ከራሳችን ስሕተት ሊያወጣን የመጣ ሊሆን ይችላል።

እርስዎስ፣ እስከ ዛሬ «የለም» ብለው የመለሱት ሰው ዛሬ በሕይወት ይኖር ይሆን?